ብርዱ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፦ ማለዳ አልነሳ ያለ መኪና ምን እየነገረን ነው?

ከሌሊቱ 11 ሰዓት። ላሊበላ መናኸሪያ። ወልድያ የሚሄደው ሚኒባስ ሞልቷል። ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጧል። መሐል ወንበር ላይ የሪፈር ወረቀት የያዘች እናት ከታመመ ልጇ ጋር ተቀምጣለች። ሾፌሩ ቁልፉን ያዞራል። «እኝ... እኝ... እኝ...» ከዚያ ዝም። ደግሞ ያዞራል። ዝም። ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ወንዶች፣ እስኪ አንዴ ውረዱና እንግፋው!» ይላል።

ይህን ያላየ የላስታ ሰው ያለ አይመስለንም። ከኅዳር እስከ ጥር በየማለዳው የሚታይ ነገር ነው። «ምን ሆኖ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ብርዱ ነው።»

ብርዱስ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር እናስብ። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ መናኸሪያ፣ ጎን ለጎን አምስት መኪና አደረ እንበል። አራቱ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሱ፤ አምስተኛው እምቢ አለ። ብርዱ ለሁሉም እኩል ነበር። እንግዲያው አምስተኛው መኪና ላይ ቀድሞም ያለ፣ በሞቃት ቀን ግን የማይታይ ድክመት አለ ማለት ነው። ብርድ የተደበቀውን ነው የሚያወጣው።

ይህን ማወቅ ለኪስ ይጠቅማል። ብዙ ባለንብረት መኪናው ማለዳ ሲያስቸግረው ቀጥታ ሄዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ችግሩ ባትሪው ካልሆነ ገንዘቡ ባከነ። ቀጥሎ ሞተሪኖ ያስፈታል፣ ቀጥሎ ፖምፓ ያስወርዳል። በዚህ መሐል ጥፋቱ የላላ ማሰሪያ ወይም የተቃጠለች አንዲት ካንዴሌታ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ዛሬ ከርካሹ ወደ ውዱ እየሄድን፣ መኪናው ራሱ በሚሰጠው ምልክት ችግሩን እንዴት መለየት እንደሚቻል እናያለን።

ለምን እኛ አካባቢ ይብሳል?

ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ጋሸና ሲወጣ ከፍታው ይጨምራል፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራማ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። በበጋ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ደግሞ የቀኑ ሙቀት ሌሊት ላይ ይጠፋል፤ ደጋው ላይ ውርጭ ጥሎ ያድራል። በዚህ ጊዜ መኪናው ላይ ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይደርስበታል።

አንደኛ፣ ባትሪው ይደክማል። ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው በውስጡ በእርሳስና በአሲድ መካከል በሚካሄድ ኬሚካላዊ ሥራ ነው። ቅዝቃዜ ይህን ሥራ ያዘገየዋል። የአየሩ ሙቀት ወደ 0 ዲግሪ ሲወርድ ጤነኛ ባትሪ እንኳ ከአቅሙ አንድ አምስተኛ ወይም ከዚያ በላይ ሊያጣ ይችላል። ያረጀ ባትሪ ደግሞ የሚያጣው ትርፍ የለውም።

ሁለተኛ፣ ዘይቱ ይወፍራል። ቀዝቃዛ ማር ከማሰሮ ሲወርድ አስቡት። ሞተሩን ለማዞር ተጨማሪ ጉልበት የሚፈለገው ባትሪው በደከመበት በዚያው ሰዓት ነው።

ሦስተኛ፣ አየሩ ይሳሳል። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ የሚቀጣጠለው ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ ሲያግለው ነው። አየሩ ቀዝቃዛም ስስም ከሆነ፣ ሞተሩም ቀስ ብሎ ከዞረ፣ የሚፈለገው ግለት አይገኝም። ጅቡቲ ወይም ሚሌ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ መኪና ጋሸና ላይ አድሮ የሚያስቸግረው በዚህ ነው።

መጀመሪያ አዳምጡ

ኮፈን ከመክፈታችሁ በፊት ቁልፉን አዙሩና ጆሮ ስጡ። የምትሰሙት ከሦስት አንዱ ነው።

ሀ. ሞተሩ ጭራሽ አይዞርም። ወይ ዝም ይላል፣ ወይ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ይላል፣ ወይ «ተተተተ» ብሎ ይንቀጠቀጣል።
ለ. ሞተሩ ይዞራል፣ ግን እየተጎተተ፣ እንደደከመው ሰው።
ሐ. ሞተሩ ደህና ይዞራል፣ ግን አይቀጣጠልም።

«ሀ» እና «ለ» ከሆነ ችግሩ የኤሌክትሪክ ወይም የዘይት ነው። «ሐ» ከሆነ የነዳጅ፣ የአየር ወይም የማቀጣጠል ነው። በ«ሐ» ጊዜ ባትሪ መግዛት ትርፉ ኪሳራ ነው። በ«ሀ» ጊዜም ፖምፓ ማስፈታት እንደዚያው። ይህችን ብቻ የለየ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ሞተሩ አይዞርም ወይም እየተጎተተ ነው የሚዞረው

የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ጭልም ብሎ ሊጠፋ ከደረሰ ባትሪው ባዶ ነው፣ አለዚያም ማሰሪያው ላይ መጥፎ ግንኙነት አለ። መብራቱ ሳይደበዝዝ ሞተሪኖው ዝም ካለ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ማለት ነው፤ ፊውዝ፣ ሪሌ፣ የቁልፉ ቤት ወይም የሞተሪኖው የራሱ ብልሽት ሊሆን ይችላል። አውቶማቲክ መኪና ከሆነ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ መሆኑን ማየት አትርሱ፤ በሌላ ማርሽ አይነሳም።

ቀጥሎ የባትሪውን ራሶች ተመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለባቸው ኤሌክትሪኩ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። አፈታቱ ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ነጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ፍቱ። በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ፈትጉ፣ መልሳችሁ አጥብቃችሁ እሰሩ። ስትመልሱ ፖዘቲቩ ይቀድማል፤ ነጌቲቩ መጨረሻ። ላዩን ትንሽ ግሪስ ቀቡት። በእጅ ሲያወዛውዙት የሚነቃነቅ ማሰሪያ መኖር የለበትም። በዚህ ብቻ የሚድን መኪና ጥቂት አይደለም።

አሁን ቴስተር አምጡ። የኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ውድ ዕቃ አይደለም፤ መኪና ያለው ሰው ቢኖረው ጥሩ ነው። መለካት ያለበት መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ማለዳ፣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ነው። ለ12 ቮልት ባትሪ ንባቡ እንዲህ ይተረጎማል፦

12.6 እና ከዚያ በላይ፦ ሙሉ ነው።
12.4 ገደማ፦ ሦስት አራተኛ ያህል አለው።
12.2 ገደማ፦ ግማሽ ነው፤ በብርድ ያስቸግራል።
12.0 እና ከዚያ በታች፦ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ከዚያ ሰው ቁልፍ እንዲያዞር አድርጉና እየዞረ ንባቡን እዩ። ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው ወይ ቻርጅ የለውም ወይ አርጅቷል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት በደንብ ቻርጅ ተደርጎ እንደገና ይለካ። ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ አድሮ ማለዳ 12.2 የሚያሳይ ባትሪ መቀየር አለበት።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ንባቡ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ዲናሞው እየሞላ አይደለም። ቺንጊያው ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ዲናሞው ራሱ ጥገና ይፈልጋል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ባትሪ ብትገዙ እሱም በሳምንቱ ያልቃል።

እዚህ ላይ የአንድ ሾፌር ወዳጃችንን ጉዳይ እናንሳ። በአንድ በጋ ሁለት ባትሪ ቀየረ። ማለዳ ማለዳ ግን ያው ነው፤ መኪናው እየተጎተተ ይዞራል። በመጨረሻ አንድ የቆዩ መካኒክ ዘንድ ሄደ።

«ጋሼ፣ ሁለት ባትሪ ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለውም» አላቸው።

«አንተ ልጅ፣ ባትሪውስ ደህና ነው። ከሞተሩ ጋር ማን አገናኘው?» አሉት።

ከዚያ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ራስ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርገው «አስነሳ» አሉት። ሞተሪኖው ሲዞር ንባቡ ከ1 ቮልት አለፈ። ደህና መኪና ላይ ግማሽ ቮልት እንኳ መድረስ አልነበረበትም። ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደው የነጌቲቭ ገመድ ከላይ ጤነኛ መስሎ ውስጡ በልዞ ኖሯል። ገመዱ ተቀየረ፤ መኪናው በማግሥቱ በአንድ ቁልፍ ተነሳ። የገመዱ ዋጋ ከባትሪው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ይህን ልኬት በፖዘቲቭ በኩልም፣ ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ድረስ፣ መሥራት ይቻላል።

ዘይቱስ?

ባትሪውም ገመዱም ደህና ሆኖ ሞተሩ አሁንም የሚጎተት ከሆነ ምን ዘይት እንደሞላችሁ ጠይቁ። ጣሳው ላይ 15ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-50 የሚል ታገኛላችሁ። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ያለውን ውፍረት ይናገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ ይቀጥናል። ኋላ ያለው ቁጥር ሞተሩ ሲግል ያለው ውፍረት ነው። «ደብሊው» የሌለበት፣ 40 ወይም 50 ብቻ የሚል ዘይት በብርድ በጣም ይወፍራል።

ቆላ የሚሠራ መኪና ወፍራም ዘይት ሞልቶ ደጋ ሲያድር የሚቸገርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሞተሩ ዘይት ስለሚበላ ሆን ብሎ ወፍራም ይሞላል፤ ቀን ይረዳው ይሆናል፣ ማለዳ ግን ያስከፍለዋል። የመኪናው መመሪያ ከሚፈቅደው ውስጥ የመጀመሪያው ቁጥር አነስ ያለውን ምረጡ። ጊዜው ያለፈበት፣ የጠቆረና የወፈረ ዘይትም እንደዚሁ ሞተሩን ያስራል።

ናፍጣ ሞተር ደህና ይዞራል፣ ግን አይቀጣጠልም

ሃይኤስ፣ ሃይሉክስ፣ ላንድክሩዘር፣ አይሱዙ፤ በመንገዳችን ላይ ከሚበዙት ውስጥ ናፍጣዎቹ እነዚህ ናቸው። እዚህ ጋ የጭሱን ነገር እዩ። ሰው ቁልፍ ያዙር፤ እናንተ ከኋላ ማርሚታው ዘንድ ቁሙ።

ነጭ ጭስ ከወጣ ነዳጁ ሲሊንደር ውስጥ ገብቷል፣ ግን አልተቃጠለም። ስለዚህ የጎደለው ሙቀት ነው። ምንም ጭስ ካልወጣ ደግሞ ነዳጁ ጭራሽ አልደረሰም።

ነጭ ጭስ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠሩት ካንዴሌታዎች ናቸው። ካንዴሌታ ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር ቀድማ የምታሞቅ ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ናት። ቁልፉን አንድ እርምጃ ስታዞሩ ዳሽቦርዱ ላይ የምትበራው የተጠማዘዘች ሽቦ ምልክት የእሷ ናት። ብዙ ሰው ይህን ሳይጠብቅ ያስነሳል። ምልክቷ እስክትጠፋ ጠብቁ፤ በጣም ከበረደ ቁልፉን መልሳችሁ አጥፉና አንድ ጊዜ ድገሙት።

ጠብቃችሁም ካልሆነ ካንዴሌታዎቹን በቴስተር መፈተሽ ነው። የሚያገናኛቸውን ሽቦ ፍቱና እያንዳንዷን ለብቻ በኦም ለኩ። ደህናዋ በጣም ትንሽ ንባብ፣ ብዙ ጊዜ ከ1 ወይም ከ2 ኦም ያነሰ፣ ታሳያለች። ምንም ንባብ ካላሳየች ተቃጥላለች። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር አንዷን ቢያጣ እየተንገጫገጨና ነጭ እያጨሰ ሊነሳ ይችላል፤ ሁለት ካጣ ግን ማለዳ ላይ ከባድ ነው። ሁሉም ደህና ሆነው ኤሌክትሪክ የማይደርሳቸው ከሆነ ፊውዙንና ሪሌውን እዩ። ስትገዙ ቮልቴጇ ከመኪናው ጋር የሚስማማውን ግዙ፤ ቮልቴጁ ያልተስማማ ካንዴሌታ ወይ ወዲያው ይቃጠላል ወይ አይግልም።

ጭስ ከሌለስ? ብዙ የናፍጣ መኪኖች ፊልትሮው ራስ ላይ በእጅ የሚጫን ትንሽ ፖምፓ አላቸው። ማለዳ፣ ቁልፍ ከመንካታችሁ በፊት፣ እሱን ተጫኑ። ወዲያው ከጠነከረ መስመሩ ሙሉ ነው። ብዙ ጊዜ እየላላ ቆይቶ በኋላ ከጠነከረና መኪናው ከዚያ ወዲያ ቶሎ ከተነሳ ግን ችግሩ ተገኘ፤ ሌሊት ነዳጁ ወደ ታንከሩ ተመልሶ አየር ገብቶበታል። የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ የላላ ማሰሪያ ወይም የፊልትሮ ጎማ ፈልጉ። ይህ በሽታ ብርድ አያስፈልገውም፣ ግን ብርድ ሲመጣ ጎማው ስለሚደርቅና ስለሚኮማተር ይብሳል።

ሌላው ውሃ ነው። ግማሽ የሆነ ታንከር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ጤዛ ይቋጥራል። ነዳጅ ጠፍቶ በጄሪካን ሲገዛ ደግሞ ውሃም ቆሻሻም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ብዙ ፊልትሮዎች ከሥራቸው ውሃ ማፍሰሻ ብሎን አላቸው። ማለዳ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ በብርጭቆ ወይም በላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት ቀድታችሁ ተመልከቱ። ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከታች ለይቶ ይታያል። ንጹህ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ።

ካንዴሌታውም ነዳጁም ደህና ሆኖ ነጭ ጭሱ ከቀጠለ የሞተሩ የመጭመቅ አቅም መለካት አለበት። የፒስተን ቀለበቶች (ፋሻዎች) ሲያልቁ የተጨመቀው አየር ወደ ታች ያመልጣል። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ጭስ በኃይል የሚገፋ ከሆነ ምልክቱ ነው። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው፤ ወጪውም ትልቅ ነው። ለዚህ ነው ወደዚህ የምንመጣው ሌላውን ሁሉ ጨርሰን የሆነው።

ቤንዚን መኪናና ባጃጅ

ቪትዝ፣ ኮሮላና የመሳሰሉት ላይ መጀመሪያ ካንዴላ ይታያል። ያለቀ ወይም የጠቆረ ካንዴላ ቀን ይሠራል፤ ማለዳ አየሩና ነዳጁ ቀዝቅዞ ሲመጣ ብልጭታው አይበቃውም። ፈትታችሁ እዩት፦ ደረቅና ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፣ እርጥብ ከሆነ ነዳጁ ገብቶ አልተቃጠለም።

የነዳጅ ፖምፓውን ለመፈተሽ ቀላል ዘዴ አለ። ቁልፉን እስከ መብራቶቹ ብቻ አዙራችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፤ ከኋላ «ዝዝዝ» የሚል የፖምፓ ድምፅ ይሰማል። አጥፉና ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት፤ ከዚያ አስነሱ። እንዲህ ስታደርጉ የሚነሳ ከሆነ የነዳጁ ግፊት ሌሊት እየወረደ ያድራል ማለት ነው። የቤንዚን ሽታ ካላችሁ ደግሞ ነዳጅ በዝቶበታል፤ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ታች ረግጣችሁ አስነሱ። በኮምፒውተር የሚመሩት ላይ የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር ሲበላሽ ኮምፒውተሩ ሞተሩ ሞቃት ይመስለውና ትንሽ ነዳጅ ይሰጣል። ማለዳ የሚያስቸግር፣ ከሞቀ በኋላ ግን ምንም የማይል መኪና ላይ ይህን አስቡ።

ባጃጅ ላይ ነገሩ ይቀላል፦ ቾኩን ሳቡ፣ ካንዴላውን አጽዱ፣ ባትሪውን ለኩ። ሞተሩ ሲሞቅ ቾኩን መመለስ አይረሳ፤ ካልተመለሰ ካንዴላውን ያጠቁራል፣ ቤንዚንም ይበላል።

እባካችሁ ይህን አታድርጉ

ከሞተር ሥር እሳት አታንድዱ። ከሞተሩ ሥር የፈሰሰ ዘይት፣ የነዳጅ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። መኪናው ከነጭነቱ ሊነድ ይችላል።

በአየር ፊልትሮው ቤንዚን ወይም ኤተር አትርጩ። በተለይ ካንዴሌታው ግሎ እያለ ከተረጨ ሞተሩ ውስጥ ሊፈነዳ፣ ፒስተን ሊሰብርና የሚረጨውን ሰው ሊያቃጥል ይችላል።

ቁልፉን ይዛችሁ አትቁሙ። በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ይበቃል፤ ከዚያ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አሳርፉት። በተከታታይ ማዞር ባትሪውን ይጨርሳል፣ ሞተሪኖውንም ያቃጥላል።

ከሌላ መኪና ባትሪ ስትወስዱ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ የደከመው ፖዘቲቭ፣ ከዚያ የጤነኛው ፖዘቲቭ፣ ከዚያ የጤነኛው ነጌቲቭ፣ በመጨረሻ የደከመው መኪና ሞተር ላይ ከባትሪው ራቅ ያለ ባዶ ብረት። ባትሪ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፤ መጨረሻዋ ብልጭታ ባትሪው አጠገብ መሆን የለባትም። በአቅራቢያው ሲጋራም ክብሪትም አይኑር። ከባድ መኪኖችና ብዙ አይሱዙዎች 24 ቮልት ናቸው፤ ከእነሱ ወደ 12 ቮልት መኪና አታገናኙ።

የመግፋት ነገር የሁሉም ዋነኛ ነው። የላሊበላ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሾፌሮቻችን ማታ አፍንጫውን ወደ ቁልቁል አድርገው የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ግን ሞተሩ ያልተነሳ መኪና ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል የለውም፤ መሪውም ይከብዳል። ጥቂት ጊዜ ከረገጣችሁት በኋላ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልቁለቱ ካለቀ፣ ከፊት ደግሞ ሰው ካለ፣ ውጤቱን መገመት አይከብድም። ስለዚህ ተሳፋሪ ውስጥ እያለ፣ በጨለማ፣ በቁልቁለት አትሞክሩት። የግድ ከሆነ ሜዳ ላይ፣ ገፊዎቹ ከኋላ እንጂ ከጎን ወይም ከፊት ሳይሆኑ፣ በሁለተኛ ማርሽ ይሁን። አውቶማቲክ መኪና ደግሞ ተገፍቶ አይነሳም፤ በከንቱ አትድከሙ። ማታ ስታቆሙም ታኮ ማድረግ አይረሳ።

ቆሞ የከረመ መኪናና የገና እንግዶች

ባትሪን ከብርድ በላይ የሚገድለው መቆም ነው። ባዶ ሆኖ የቆየ ባትሪ ውስጥ ሰልፌት ይጋገርና ይጠጥራል፤ ከዚያ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን መንገድ ሲዘጋና ነዳጅ ሲጠፋ ብዙ መኪና ለሳምንታት ቆሟል። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜማ መብራት ለወራት ጠፍቶ ስለነበር ባትሪ ቻርጅ ማድረጊያም አልነበረም። ዛሬ ማለዳ ማለዳ የሚያስቸግሩ አንዳንድ ባትሪዎች ያኔ የተጎዱ ቢሆኑ አይገርምም። መኪናችሁ ከሳምንት በላይ የሚቆም ከሆነ የባትሪውን ነጌቲቭ ፍቱት። ወይም በየሳምንቱ አስነስታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዱት፤ ለአምስት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት የወጣውን ኃይል እንኳ አይመልስም።

ሒሳቡን እንየው። 5 ዋት የሆነች የውስጥ አምፖል ሳትጠፋ ካደረች 0.4 አምፒር ያህል ትወስዳለች፤ በ24 ሰዓት 10 አምፒር-ሰዓት ገደማ። 60 አምፒር-ሰዓት የሆነ ባትሪ በስድስት ቀን ባዶ ሆነ ማለት ነው። ማስነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ በጣም ቀድሞ ነው።

ይህ ለገና ወደ ላሊበላ ለሚመጡ እንግዶች ትልቅ ነገር ነው። ከቆቦ፣ ከደሴ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው መኪና ሁለት ሦስት ሌሊት ውጭ ያድራል። ሰው ውስጡ ይተኛል፣ መዝሙር ይከፍታል፣ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ በር ደጋግሞ ሲከፈት መብራት ይበራል። ቤዛ ኩሉ ተዘምሮ ካበቃ በኋላ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊወጣ ሲል የሚሰማው ያው «ተተተተ» ነው። እንግዶች ካሏችሁ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

ማታ የሚሠራ፣ ማለዳ የሚጠቅም

ታንከሩ ባዶውን አይደር፤ ቢቻል ከግማሽ በላይ ይኑረው። መብራት፣ ቴፕና ቻርጀር መጥፋታቸውን እዩ። መኪናውን ከነፋስ በሚከልል ግድግዳ ጥግ፣ ማለዳ ፀሐይ በምታገኘው በኩል አቁሙ። ማለዳ ቁልፍ ከማዞራችሁ በፊት መብራትም ሬዲዮም አጥፉ። ማኑዋል ከሆነ ፍሪሲዮኑን ረግጣችሁ አስነሱ፤ ሞተሪኖው የማርሹን ወፍራም ዘይት አብሮ አያዞርም። የባትሪው ውሃ የሚከፈት ዓይነት ከሆነ በየወሩ እዩት፤ ከጎደለ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ወይም የምንጭ ውሃ አትጨምሩ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት የግድ ሆኗል። ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ ጆሮ፣ ማሰሪያ፣ ቴስተር፣ ገመድ፣ ዘይት፣ ካንዴሌታ፣ ፊልትሮ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ትልቁ ወጪ። ጋራዥ ስትሄዱም «አልነሳ አለ» ብቻ አትበሉ። «ደህና ይዞራል፣ ነጭ ያጨሳል፣ አይቀጣጠልም» በሉት። መካኒኩም በግምት ከመፍታት፣ እናንተም በግምት ከመክፈል ትድናላችሁ።

የሪፈር ወረቀት ይዛ መናኸሪያ የምትጠብቀው እናት የመኪናው በሽታ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ማወቅም አይጠበቅባትም። ያንን ማታውኑ ማወቅ የሾፌሩና የባለንብረቱ ፋንታ ነው።

ለሾፌርና ለረዳት ወዳጆቻችሁ አጋሩላቸው። የእናንተ መኪና ማለዳ ምን ይላል? ምን ሆኖ ተገኘ? ከታች ጻፉልን፤ የአንዱ ልምድ ለሌላው መድኃኒት ነው። መልካም መንገድ!